ባለ ጎማውን ቤት ከአዋሽ ዱብቲ ያደረስንበት አራት ቀን

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ዘመዶቼ በየደብዳቤው «ቆላው እንዴት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ከእናንተ መካከል ወደ ዱብቲ የሚመጣ ያለ አይመስለኝም። ቢመጣም እኔ በመጣሁበት አኳኋን አይመጣም፤ እኔ የመጣሁት ቤት እየጎተትኩ ነውና። ስለዚህ ጉዞውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን በቀን ጽፌላችኋለሁ።

አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ። ዱብቲ ትልቅ የጥጥ እርሻ አለ፤ የተቀጠርኩት የእርሻውን ሠራተኞች ልጆች ላስተምር ነው። ስደርስ ተማሪ ነበረ፣ ጥቁር ሰሌዳ ነበረ፣ ጠመኔም ነበረ፤ ክፍል ግን አልነበረም። ሁለት ወር በአንድ ግራር ጥላ ሥር አስተማርኩ። ጥላ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ሒሳብን ከግራሩ በስተ ምዕራብ ጀምረን ጂኦግራፊ ላይ ስንደርስ በስተ ምሥራቅ እንገኛለን። እናንተ ጋ ተማሪ ብርድ ሲመታው ወደ ፀሐይ ይጠጋል፤ እዚህ ከፀሐይ የሸሸ ብቻ ነው የሚማረው።

በዚህ መካከል አንድ የውጭ አገር ቀያሽ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ይኖርበት የነበረውን ባለ ጎማ ቤት ለእርሻው ትቶት ሄደ። ቤቱ ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ፣ መስኮትና በር ያለው፣ ውስጡም አልጋ፣ የብረት ምድጃ፣ ቁም ሣጥንና የውሃ በርሜል የያዘ ነው። የቆመው ግን አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። ሥራ አስኪያጃችንን አቶ በቀለን ለትምህርት ቤት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ካሚዮኖቼ በሙሉ ጥጥ ላይ ናቸው» አሉኝ። «ሰኞ አንዱ ለማዳበሪያ አዋሽ ይሄዳል፤ ሲመለስ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ አደርገዋለሁ። አንተ ግን እስከ እሁድ ማታ በፒክአፑ ካመጣኸው ትምህርት ቤት ይሁንልህ።»

«እሺ፣ አመጣዋለሁ።»

«ፒክአፑ ይችለዋል?»

«አስልቼ ነው የማመጣው» አልኳቸው። ይህን ቃል ባልናገር ይሻል ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከሾፌሩ ከጋሽ ሰይድ ጋር በባዶ ፒክአፕ አዋሽ ገባን። ጋሽ ሰይድ የባቲ ሰው ናቸው፤ ይህን ቆላ ሃያ ዓመት ነድተውበታል። እኔ ወዲያው ወደ ጣቢያው የዕቃ ሚዛን ሄድኩ። አንድ መኪና የሚጎትተውን ነገር ክብደት ሳያውቅ መጎተት የለበትም፤ ይህ ግልጽ ነው። ለሚዛን ተቆጣጣሪው ግን ግልጽ አልነበረም።

«ምንድን ነው የሚመዘነው?»

«ቤት ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ቅጹ ላይ ከረጢት፣ ከብትና ልዩ ልዩ ነው ያለው።»

«ልዩ ልዩ ይበሉት።»

«ልዩ ልዩ ከሆነ ወዴት እንደሚላክ ይጻፋል።»

«አይላክም፤ እኛው እንወስደዋለን።»

«የማይላክ ነገር አይመዘንም» አሉና ቅጹን አጠፉት። ሻይ ጋበዝኳቸው፣ ስለ ልጆቹና ስለ ግራሩም ነገርኳቸው። ሻዩን ጨርሰው ተነሡና ቅጹን ዘርግተው «ቤት፣ አንድ፣ ባለቤቱ አብሮት የቆመ» ብለው ጻፉ።

የግራውን ጎማ፣ የቀኙን ጎማ፣ ከፊት ወጥቶ መኪናው ላይ የሚንጠለጠለውን የብረት ክንድም ለየብቻ መዘንን። ድምሩ አሥራ ሦስት ኩንታል ተኩል ሆነ። ቀያሹ በተወው መመሪያ መሠረት እንደኛ ያለ ፒክአፕ እስከ አሥራ አምስት ኩንታል ይጎትታል። የክንዱ ክብደት አንድ ኩንታል ከአርባ ኪሎ ነበር። ለምን እንደሚጠቅም ባላውቅም ሥርዓት ነውና ጻፍኩት። ርዝመቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፦ ቤቱ ሰባት ሜትር ከሃያ፣ ፒክአፑ አራት ሜትር ከስልሳ። «አንድ ኩንታል ተኩል ይተርፈናል» ብዬ ለጋሽ ሰይድ አበሠርኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉኝ። ያን ቃል እንዴት እንዳሉት ልብ ብዬ ብሰማ ጥሩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ጋሽ ሰይድ የቤቱን በርሜል ውሃ ሲሞሉ ደረስኩባቸው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይህ እኮ ሁለት ኩንታል ነው።»

«ውሃ ነዋ መምህሬ። ውሃም ይመዘናል እንዴ?»

ይህን እያስረዳሁ ሳለሁ አንድ ነጋዴ ሁለት ከረጢት ስኳር አስጭኖ መጣ። ከኋላው ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱ ኋላ ለዱብቲው ልብስ ሰፊ የታዘዘ የስፌት መኪና፣ ከዚያም የሳሙና ካርቶኖች ተከተሉ። ሁሉም ሰላምታ ይሰጡና ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ባዶውን የሚሄድ መኪና የለም። አንድ ሾፌር «አልጭንም» ካለ በሌላ ቀን ጎማው ሲፈነዳ የሚቆምለት አያገኝም። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ በእኛ አገር ስለ ቤተ ክርስቲያን ነገር እንደሚወራው።

የፒክአፑን ጀርባ ለመንገዱ የያዝነው ነዳጅና ትርፍ ጎማ ስለሞላው፣ ዕቃውን ቤቱ ውስጥ መደርደሩን እኔ ወሰድኩት። ክፍል ውስጥ ትንንሾቹን ልጆች ከፊት፣ ትልልቆቹን ከኋላ እናስቀምጣለን፤ ያኔ ሁሉም ሰሌዳውን ያያል። በዚሁ ሥርዓት ሳሙናውን ከፊት፣ የስፌት መኪናውን ከመካከል፣ ስኳሩንና ሽንኩርቱን ከበርሜሉ ጋር ጅራቱ ላይ አደረግሁ። አምሮ ነበር። «እኔ ሾፌር ነኝ፤ የተማረው አንተ ነህ» አሉና ጋሽ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው ሞተሩን አስነሡ።

አዋሽ አርባን እስክናልፍ ደህና ሄድን። ሜዳው ሲመቻቸው ጋሽ ሰይድ ማርሽ ጨመሩ። ወዲያው ወንበሬ በግራና በቀኝ ይወዘወዝ ጀመር።

«መምህሬ» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ «ቤቱ ሊቀድመን ነው።»

በቀኝ መስኮት ባይ ቤቱን አየሁት። በግራ መስኮት ባይ እዚያም አየሁት። ከኋላ የሚከተል ነገር በሁለቱም ጎን ሊታይ አይገባውም ነበር። ፍሬን ሲይዙ ባሰበት፣ ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርጉ ጋብ አለ። ከዚያ በኋላ በሰዓት ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አላለፍንም፤ መንገዱ በተቦረቦረበት ደግሞ እንደ እግረኛ አዘገምን። ለቅዳሜ ገበያ ከደብረ ብርሃን ዳር የምትነሣ አህያ ይህን ያህል አትዘገይም። አንድ ግመል ያስከተለ ሰው ለረጅም ጊዜ አብሮን ተጓዘ፤ መጨረሻ ላይ ሰላም ብሎን ቀደመን።

ገዋኔ የደረስነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። እትዬ ዘይነባ የተባሉ የወሎ ሴት የሚያስተዳድሩት ሆቴል አለ፤ ከፊቱ ሰው ሻይ የሚጠጣበት ዳስ ነበረበት። ነበረበት ያልኩት አውቄ ነው። ረጅም ተጎታች ሲዞር ጎማው የመኪናውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ጅራቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይወጣል። እኛ ስንዞር የወጣው ጅራት ሦስቱን የዳሱን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ገፍቶ አስተኛቸው። የዳሱ ጣሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ፣ መሬት ላይ አረፈ።

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ።

«ሰው ተጎዳ?»

«አልተጎዳም፤ እትዬ፣ እኔ…»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ግቡ፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»

ሩዝ በፍየል ሥጋ አበሉን፤ ቅመም የበዛበት ሻይም አስከተሉ። ስለ ዳሱ ባነሣሁ ቁጥር ሳህኔ ላይ ይጨምሩልኛል፤ በሦስተኛው ጊዜ ሆዴን ፈርቼ ዝም አልኩ። እናንተ ጋ ሻይ ለሙቀት ይጠጣል። እዚህ ሰው ላብ እያንቆረቆረ ትኩስ ሻይ ይጠጣል፤ «ያበርዳል» ይላሉ። ሞከርኩት፤ እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

አርብ ጠዋት ምሰሶዎቹን መልሰን ተከልን። ትንሽ ዘምመዋል፤ እትዬ ዘይነባ ግን «ነፋሱ ከዚያ በኩል ስለሚመጣ ይሻላል» አሉ። ጁምዓ ስለሆነ ጋሽ ሰይድ ሰላት ሳይሰግዱ አይነሡም። እኔ በደጅ እየተንጎራደድኩ በጣቴ ሰዓት ቆጠርኩ፦ እሁድ ማታ ሊደርስ ሁለት ቀን ተኩል ቀረ። ከሰላት በኋላ ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን አልተመለሱም። ሐመዱ የሚባል አፋር ይዘው መጡ፤ አዲሱ መንገድ ገና እየተሠራ ስለሆነ ከገዋኔ ወዲያ ያለውን ተለዋጭ መንገድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገን ነበር። አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የተማረው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል።

ሐመዱ መንገዱን ያውቃል፤ ሰውንም ሁሉ ያውቃል፤ ጣጣችን ያ ነበር። በአፋር አገር ሁለት መንገደኞች ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ዳጉ ይሉታል። ቁጭ ይባላል፤ አንዱ ካየውና ከሰማው አንዳች ሳያስቀር ይናገራል፤ ሌላው እያደመጠ ይቆያል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን መጣ። የሰማውን ጨምሮ ወይም ቀንሶ የሚያሳልፍ ሰው በጣም ይነወራል። ከገዋኔ እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ቆምን።

«ሐመዱ፣ ለዚህኛው ባጭሩ ብትነግረውስ?» አልኩት በስምንተኛው ላይ።

«ባጭሩ ከነገርኩት ውሸት ይሆናል» አለኝ። «ደግሞ የሚጠይቀው ስለ አንተ ነው። ቤት ጎትቶ የሚሄድ መምህር ከዚህ በፊት አላየም።»

ከአሥራ አንደኛው ዳጉ በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ መጣ። ፒክአፑ ወርዶ ማዶውን መውጣት ሲጀምር የቤቱ ጅራት ከኋላችን ያለውን ዳርቻ ነካና ተቀመጠ። ጅራቱ ሲቀመጥ የፊት ክንዱ ወደ ላይ ተነሣ፤ ክንዱ የፒክአፑን ቂጥ ይዞ ተነሣ፤ የኋላ ጎማዎቻችን አሸዋውን እየበተኑ ባዶውን ዞሩ። ጋሽ ሰይድ ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ።

«መምህሬ፣ አሁን ቤቱ እኛን ይዞናል።»

እዚያው አደርን።

ቅዳሜ ጠዋት ከወንዙ ዳር ያለው የአፋር ሰፈር ወደ ሌላ ግጦሽ ሊሄድ ይነሣ ነበር። እዚህ ላይ የማታውቁትን ነገር ልንገራችሁ። የአፋር ቤት ከታጠፉ እንጨቶችና ከሰሌን ምንጣፍ የሚሠራ ነው፤ ባለቤቲቱ ሠርታው፣ ባለቤቲቱ አፍርሳው፣ ባለቤቲቱ ግመል ላይ ትጭነዋለች። በአካባቢያችን ያሉት ሦስት ቤቶች እኔ ፊቴን ታጥቤ እስክጨርስ ድረስ ግመል ላይ ወጥተው ነበር። የእኔ ቤት ግን አሁንም ወንዝ ውስጥ ነው።

ፋጡማ የምትባል ሴት ግመሏን አስራ ስታበቃ ወደኛ መጣች። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረችው። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ለሐመዱ አንድ ነገር አለችው።

«ቤቱን የጫነው ማን ነው ትላለች።»

«እኔ ነኝ በላት።»

ተነጋገሩ።

«ሚስት የለውም ወይ ትላለች።»

ጋሽ ሰይድ ጎማ የሚያዩ መስለው ከመኪናው ኋላ ተደበቁ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋጡማ ክንዱን ከፒክአፑ እንዲፈቱላት አደረገች። ጎንበስ ብላ ሁለት መዳፏን ከክንዱ ሥር አስገባችና አነሣችው። ያንን ያህል ቤት፣ ሕፃን እንደሚነሣ፣ ያለ ምንም ማቃሰት። በዚያኛው ጫፍ ጅራቱ አሸዋው ውስጥ ጠለቀ።

«ግመሉ ሸክሙ ሊሰማው ይገባል ትላለች። አንተ ሸክሙን ከጅራቱ ላይ ሰቀልከው። ካልተሰማው ቤቱ እሱን ያነሣዋል።»

ያን ጊዜ ደብተሬን አወጣሁ። የፊት ክንዱ ረቡዕ ዕለት ባዶውን አንድ ኩንታል ከአርባ መዝኗል፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ነው። አሁን ግን አንዲት ሴት በእጇ አነሣችው። ቤቱ እንደ ሰካራም የተወዛወዘውም፣ ፒክአፑ ወንዝ ውስጥ የተንጠለጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ ሦስት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ጥያቄውን አላወቅሁትም ነበር።

ፋጡማ እያዘዘች እኛ ተሸከምን። ስኳሩ ከጎማው በላይ፣ ሽንኩርቱ ከስኳሩ ትንሽ ወደ ፊት፣ የስፌት መኪናው መካከል። አንድ ጊዜ ወደ ፊት አብዝተን ጭነን የፒክአፑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ሲያይ ጋሽ ሰይድ «መሪው ቀለለኝ» አሉ፤ መለስ አደረግነው። ፋጡማ ግን አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

«ለዚህ ግመል ቤቱ ብዙ ነው ትላለች። ወይ ሌላ ግመል፣ ወይ ትንሽ ቤት።»

ደመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል። አራት ኩንታል ተኩል መውረድ አለበት።

«ስኳሩ ይውረድ» አልኩ።

«የሰው አደራ አላወርድም» አሉ ጋሽ ሰይድ። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ኮስተር ብለው አይቻቸው አላውቅም። «ወላሂ፣ መኪናውን እተዋለሁ እንጂ ስኳሩን አልተውም።»

እንግዲህ የቀረው የቤቱ የራሱ ዕቃ ነው። ውሃው ቀላል ነበር፤ ለፋጡማ ሰዎችና ለግመሎቻቸው ሰጠነውና ምርቃት አገኘንበት። አልጋው፣ ምድጃውና ቁም ሣጥኑ ግን በእጄ ፈርሜ የተረከብኳቸው ናቸው። የብረቱ በርሜልም እንደዚሁ። እነሱን ይዤ እዚህ ከቀረሁ ሰኞ ካሚዮኑ ያልፈናል፣ ቤቱም የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል። ትቼያቸው ከሄድኩ ለአቶ በቀለ ምን እላለሁ? ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አሰብኩ። ለነገሩ ያሰብኩት ስለ ግራሩ ጥላ ነበር። ከዚያ መፍቻ አምጡ አልኩ።

አልጋውን ፈታን፤ ቁም ሣጥኑን ነቀልን፤ ምድጃውን ለአራት ተሸከምነው። ሁሉንም ከግራር ሥር ደረደርናቸው፤ ሜዳ ላይ የቆመ የሰው ክፍል መሰለ። ፋጡማ አልጋው ላይ ለአፍታ ተቀመጠችና ተነሣች።

«ከፍታው ምን ያደርጋል ትላለች። ሰው ተኝቶ ቢወድቅ ይጎዳል።»

«ይህ ሁሉ እዚህ አይጠፋም?» አልኩ ሐመዱን።

«ማን ይወስደዋል? የማን እንደሆነ እስከ ማታ ሁሉም ይሰማል።»

ፒክአፑ ወንዙን በመጀመሪያው ሙከራ ወጣው። ፋጡማ ዞር ብላም አላየችን፤ ግመሏን እየሳበች ሄደች። ሚሌ ስንገባ ገና ብርሃን ነበር።

እሁድ በጠዋት ተነሣን፤ ሎግያን አልፈን ሰመራ የሚሉት ሜዳ ላይ ወጣን። ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው። ዛፍ የለም፤ ሰው የለም፤ ፍየል እንኳ ቆም ብላ የምታየው ነገር የለም። ለጋሽ ሰይድ «ዓለም ሁሉ ከተማ ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ግን ማንም ቤት አይሠራም» ብዬ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ነፋሱ በጎን እየመታ ቤታችንን ሲገፋው ዝርዝሬን አቋርጬ ጸሎት ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድም በበኩላቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በሁለት በኩል ስለተያዝን ይመስለኛል፣ አልተገለበጥንም።

ዱብቲ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የሠራተኛው ሰፈር ሕዝብ ወጥቶ ቆሟል። ተማሪዎቼ ከቤቱ ኋላ ይሮጣሉ። አቶ በቀለ በቢሯቸው ደጃፍ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር።

«አልጋውን ከግራር ሥር ተውከው አሉ» አሉኝ፣ ገና ከመውረዴ።

ስለ ዳሱም፣ ስለ ሚስቴ ጉዳይም ሰምተዋል። ዳጉ ከፒክአፕ ይፈጥናል።

«አደራ ነው ጌታዬ፤ ምድጃውም ቁም ሣጥኑም እዚያው ናቸው። ከፈለጉ ከደሞዜ…»

«ተወው። ሌላ ነገር ነው።» ወደ ቤቱ ጠጋ ብለው በሩን ከፈቱ። «ነገ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል። ቤቱን በሰዓቱ ብታመጣውም እሱን እዚህ ላሳርፈው አስቤ ነበር። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።»

አቶ በቀለ አንድ እግራቸውን አስገብተው ወደ ውስጥ አዩ። ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ የስፌት መኪና። ከዚያ ወዲያ ባዶ ወለል፣ ስድስት መስኮት።

«እዚህ ውስጥ እንግዳ የት ላስተኛ ነው?»

ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አውልቀው «እንግዳማ መሬት ላይ አይተኛም ጌታዬ» አሉ። «ልጆች ግን መሬት ላይ ይቀመጣሉ።»

ሐመዱም ጨመረበት፦ «አንተ ለመምህሩ ትምህርት ቤት ነው ብለኸዋል። እኔ ለአሥራ አንድ ሰው ተናግሬዋለሁ። አሁን ሌላ ብል ውሸታም እባላለሁ።»

አቶ በቀለ ሐመዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ወለሉን አዩት። ቀያሹ የተወላቸውን የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ ጣሉትና እንግዳውን የሚያሳድሩበት ክፍል ሊፈልጉ ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

በሳምንቱ ካሚዮኑ አልጋውን፣ ምድጃውንና ቁም ሣጥኑን ከነበርሜሉ ጭኖ ተመለሰ፤ አንድ ብሎን አልጎደለም። አቶ በቀለ አልጋው ቤቱ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ሊያዩ ብቅ አሉ። ማባዛት ላይ ነበርን። ተማሪዎቹ ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ አርባ አንድ ናቸው። አቶ በቀለ በጣታቸው ቆጥረው ጨረሱና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። አልጋው ብቻውን ቢገባ አሥራ አራት ልጅ ደጅ ይቀር ነበር። ለክቼዋለሁ።